የተንጋለለችው ጨረቃ፤ ስለ ሌሊት ሰማይ ፎቶግራፎች የቀረበ ሒስ

ግጥም ሲጻፍ ቤት መምታቱን የሚመረምር፣ ልብ ወለድ ሲታተም የባለታሪኮቹን ጠባይ የሚመዝን አንባቢ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበዛ መሄዱ የሚያስደስት ነው። ፎቶግራፍን ግን እንደ ድርሰት ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው እምብዛም አይገኝም። ካሜራ ያየውን ብቻ ስለሚያሳይ ሊዋሽ አይችልም የሚል እምነት በብዙዎቻችን ዘንድ ጸንቶ ይኖራል። በዚህም ምክንያት በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ በተሰቀሉ የቀን መቁጠሪያዎች፣ በየሆቴሉ አዳራሽ፣ ከሁሉም ይልቅ በየወጣቱ የእጅ ስልክ ውስጥ «ሌሊት በጎጃም»፣ «ጨረቃ በደብረ ማርቆስ»፣ «የጮቄ ከዋክብት» የሚል ጽሑፍ ተጨምሮባቸው የምናያቸው ሥዕሎች ሳይመረመሩ ይደነቃሉ፤ ሳይመረመሩም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። እኛ ዛሬ እነዚህን ፎቶግራፎች እንደ ማናቸውም ድርሰት ልናነባቸው አስበናል። የአንሺዎቹን ስም አንጠራም፤ ክርክራችን ከልማዱ ጋር ነውና።

የሌሊት ሰማይ ፎቶግራፍ ከሌላው ፎቶግራፍ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የገበያ ወይም የሠርግ ፎቶግራፍ የተነሣበትን ቀንና ስፍራ ለማወቅ ባለቤቱን መጠየቅ ግድ ነው። የሰማይ ፎቶግራፍ ግን ያለ ባለቤቱም ይናገራል። ጨረቃ በየሌሊቱ መልኳን፣ ከዋክብት በየሰዓቱ ስፍራቸውን ስለሚለውጡ፣ በሥዕሉ ላይ ያለው ሰማይ የት አገር፣ በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት እንደታየ ራሱ ይመሰክራል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ በውበቱ ብቻ ሳይሆን በምስክርነቱም ሊመዘን ይገባል እንላለን። በዚህ ሚዛን ላይ ሲወጡ የጎጃምን ስም ከተሸከሙት ሥዕሎች ብዙዎቹ ይቀልላሉ።

ከጨረቃ እንጀምር። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ገደማ ላይ የሚገኝ ከተማ ነው። ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች የሚጓዙበት የሰማይ መንገድ በዚህ ስፍራ ከአድማስ ላይ ወደ አናታችን ቀና ብሎ ይወጣል እንጂ እንደ ሰሜን አገሮች ወደ ጎን አይጋደምም። ስለሆነም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለጋዋን ጨረቃ የምታበራት ከሥሯ ሆና ነው። የጨረቃዋ ሆድ ወደ ምድር፣ ቀንዶቿ ወደ ላይ ይሆናሉ፤ በጣና ላይ እንደምትንሳፈፍ ታንኳ ተንጋላ ትታያለች ማለት ነው። በመጋቢት ወር ፈጽማ ትንጋለላለች ለማለት ይቻላል፤ በመስከረም ጥቂት ዘንበል ትላለች፤ ወደ መጥለቂያዋ ስትቃረብ ቀጥ ብላ የምትቆምበት ወር ግን የለም። ከምድር ወገብ 51 ዲግሪ ተኩል ርቃ ለምትገኘው ለለንደን ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ በተለይ በመስከረም ምሽት ፀሐይ ከጨረቃዋ በስተጎን ስለምትሆን ጨረቃዋ እንደ ማጭድ ቆማ ትታያለች።

እንግዲህ «ጨረቃ በደብረ ማርቆስ» ከተባሉት ሥዕሎች መካከል ስንቱ የቆመ ማጭድ እንደሚያሳይ አንባቢ ራሱ ይቁጠር። ይህ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። የልጆች መጽሐፍ የሚሥለው ሠዓሊ ጨረቃን የሚቀዳው ከባዕድ መጽሐፍ ነው፤ ፎቶግራፍ የሚያቀናብረውም ወጣት ለሥዕሉ ማሳመሪያ የሚሆነውን ጨረቃ የሚያገኘው በሰሜን አገር ከተነሣ ፎቶግራፍ ነው። እያንዳንዱ የጎጃም ገበሬ በሬውን ፈትቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ የተንጋለለችውን ጨረቃ ያያል፤ ልጁ ግን በደብተሩ ላይ የቆመችውን ይሥላል። ዓይን ካየው ይልቅ ወረቀት ያሳየው ሲታመን ይህ ትንሽ ነገር ነው ብለን ልናልፈው አልወደድንም። ለጋ ጨረቃን ከአገሩ አድማስ ጋር፣ ከባሕር ዛፉ ጫፍ ወይም ከቤቱ ክዳን በላይ አድርጎ በትክክል ያነሣ አንድ ሰው፣ ምንም እንኳ ፎቶግራፉ ብዥታ ቢኖርበት፣ ከመቶ ያማሩ ቅጂዎች የሚበልጥ ሥራ ሠርቷል።

ሁለተኛው የተለመደ ሥዕል ከቤተ ክርስቲያን ጉልላት በስተጀርባ የምትወጣ ግዙፍ ጨረቃ ነው። ይህ ዓይነቱ ሥዕል ሁልጊዜ ሐሰት ነው አንልም፤ በእውነት ሊነሣ ይችላልና። ነገር ግን ዋጋ አለው። የጨረቃ ስፋት በሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው፤ እጁን የዘረጋ ሰው በትንሹ ጣቱ ሊሸፍናት ይችላል። ይህም ማለት አንድ ነገር ከጨረቃ ጋር እኩል ሆኖ እንዲታይ ተመልካቹ የዚያን ነገር ስፋት 110 ጊዜ ያህል ርቆ መቆም አለበት ማለት ነው። ስፋቱ 20 ሜትር የሆነ ቤተ ክርስቲያን ከጨረቃዋ ጋር እንዲተካከል ፎቶግራፍ አንሺው 2 ኪሎ ሜትር ከ200 ሜትር ርቆ፣ ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ሌንስ ይዞ፣ ጨረቃዋ በትክክል ከዚያ ጉልላት ጀርባ የምትወጣበትን ምሽት አስልቶ መጠበቅ ይኖርበታል። ከአንዱ ጉብታ ሌላው ጉብታ በግልጽ በሚታይበት በጎጃም ደጋ ይህ የሚቻል ነው፤ ሲሳካም እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በሥዕሉ ላይ ግን የአጥሩ ድንጋይና የሣሩ ቅጠል አንድ በአንድ ከፊት ለፊት እየታየ፣ ጨረቃዋ ቤተ ክርስቲያኑን የምታህል ከሆነ፣ ጨረቃዋ በመቀስና በሙጫ የመጣች ናት። በሁለቱ ቀንዶቿ መካከል ኮከብ የሚያበራባት ጨረቃም እንዲሁ ናት፤ ያ ጨለማ ቦታ ባዶ ሰማይ ሳይሆን የጨረቃዋ አካል ስለሆነ በዚያ ውስጥ ኮከብ ሊታይ አይችልም። ፀሐይ በምትጠልቅበት በምዕራብ በኩል በቀላው ሰማይ ላይ የተለጠፈች ሙሉ ጨረቃንም አይተናል። ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትገባ በምሥራቅ የምትወጣ መሆኗን እረኛ ሁሉ ያውቃል።

ከጨረቃ ወደ ከዋክብት ስንሄድ ስሕተቱ ይረቅቃል። ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተክሎ መዝጊያውን ለረጅም ጊዜ ክፍት ያደረገ ሰው፣ ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ ከዋክብቱ በሰሜን ኮከብ ዙሪያ ክብ መሥመር ሲሠሩ ያገኛቸዋል። የሰሜን ኮከብ ከፍታ ከስፍራው የኬክሮስ መጠን ጋር እኩል ነው። በደብረ ማርቆስ ይህ ኮከብ ከአድማስ በላይ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ በተዘረጋ እጅ ላይ አንድ ጭብጥ ማለት ነው። ተራራ ከፊቱ ካለም ጨርሶ ይጋረዳል። ስለዚህ በጎጃም የተነሣ እውነተኛ ፎቶግራፍ ላይ ክቦቹ አብዛኛውን ጊዜ በአድማስ የተቆረጡ ግማሽ ክቦች ይሆናሉ። የክቦቹ እምብርት በሰማዩ ወገብ ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ከሥሩ «የጮቄ ሌሊት» የሚል ከተጻፈበት፣ ያ ሰማይ የአውሮፓ ወይም የሰሜን አሜሪካ እንጂ የኛ አይደለም። ኦሪዮን የሚባለውም የከዋክብት ጉባኤ በሰሜን አገር ሥዕል በደቡብ አድማስ ላይ እንደ ሰው ቆሞ ይታያል፤ በኛ ዘንድ ግን በጎኑ ተኝቶ ይወጣና በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ አናታችን ላይ ይደርሳል። ይህን ለማንሣት ካሜራውን ወደ ላይ ማንጋጠጥ ያስፈልጋል፤ ከካሜራው ጋር መሬት ላይ መተኛትም ሳይሻል አይቀርም።

ፍኖተ ሐሊብንም በሚመለከት ወሩ ይመሰክራል። የዚህ የብርሃን መንገድ ወፍራሙና ደማቁ ክፍል በማታ ጥሩ ሆኖ የሚታየው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የጎጃም ደጋ በክረምት ደመና ተሸፍኖ ይከርማል። አልፎ አልፎ ደመናው ሊገለጥ ቢችልም፣ በሐምሌ ምሽት ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ ሰማይ በጮቄ ላይ የሚያሳይ ሥዕል ሲቀርብልን ደግመን ልንጠይቅ ይገባናል። ይህን የሰማይ ክፍል በበጋ ለማግኘት የሚፈልግ ሰው በመጋቢት ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ መነሣት አለበት። ባለ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ሰው መዝጊያውን 20 ሴኮንድ ያህል ከፍቶ ቢይዝ ከዋክብቱ ሳይጎተቱ ይወጡለታል። ውርጩ ጣት የሚያደነዝዝበት ያ ሰዓት ነው የእውነተኛው ፎቶግራፍ ዋጋ፤ ቀጂው የማይከፍለውም ይህንኑ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ሰው በእጁ ስለሚያጣምመው ነገር ነው። በዘመናችን ግን መሣሪያው ራሱ ማጣመም ጀምሯል። በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. አንድ የሳምሰንግ ስልክ ባለቤት የጨረቃን ሥዕል ሆን ብሎ አደብዝዞ በኮምፒዩተር መስታወት ላይ አሳየና ክፍሉን አጨልሞ በስልኩ አነሣው። ስልኩም በደበዘዘው ሥዕል ውስጥ ያልነበሩትን ጉድጓዶችና ሸለቆዎች ጨምሮ ጥርት ያለች ጨረቃ አወጣለት። ኩባንያው በበኩሉ ስልኩ ጨረቃን ለይቶ ካወቀ በኋላ ዝርዝሯን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደሚያጎላ ገለጸ። ጨረቃ ምን ጊዜም አንድ ፊቷን ብቻ ወደ ምድር ስለምታዞር፣ መልኳን አንድ ጊዜ ያጠና መሣሪያ ከትዝታው አውጥቶ ሊሥላት አይቸገርም። እንግዲህ የደብረ ማርቆስ ተማሪ ስልኩን ወደ ሰማይ አንሥቶ ጨረቃን ሲያነሣ፣ በእጁ የሚገባው የራሱ ጨረቃ ነው ወይስ በሩቅ አገር ፋብሪካ የተጠናች ጨረቃ? ይህ ጥያቄ ለሥነ ጽሑፍ ሰዎችም እንግዳ አይደለም፤ የራሱን ቅኔ ሊዘርፍ ቆሞ የመምህሩን ቅኔ እንደሚያሰማ ተማሪ ነውና። እንደ እኛ አስተያየት፣ ስልኩ ይህን ጭማሪ እንዳያደርግ አዝዞ ደብዛዛዋን ነጭ ነጥብ መቀበል ይሻላል። ደብዛዛዋ የራስ ናት።

ከሁሉም የሚብሰው ጉድለት ግን ቀንና ሰዓት አለመጻፍ ነው። በዚህ ረገድ ታላላቆቹም አላመለጡም። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ በኒው ሜክሲኮ አገር ከኸርናንዴዝ መንደር በላይ የወጣችውን ጨረቃ ያነሣበት ፎቶግራፍ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። አንሺው ግን ቀኑን አልመዘገበም ነበር፤ ከ1940 እስከ 1944 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት መካከል አንድ ጊዜ አንዱን፣ ሌላ ጊዜ ሌላውን ይጠቅስ ነበር። በኋላ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች በሥዕሉ ላይ የጨረቃዋን መልክና ስፍራ ለክተው፣ ፎቶግራፉ የተነሣው ኅዳር 1 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. ከቀኑ 10 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ላይ መሆኑን አረጋገጡ። ሰውዬው የረሳውን ጨረቃዋ አስታወሰች። ሥዕሉ በመቀስና በሙጫ የተሠራ ቢሆን ኖሮ ይህ ምስክርነት ከየት ይገኝ ነበር?

ይህን ዓይነቱን ስሌት የጎጃም ሊቃውንት ሲሰሙ እንግዳ አይሆንባቸውም። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ለማንኛውም ዕለት የጨረቃን ዕድሜ ለማግኘት የዓመቱን አበቅቴ፣ የወሩን ሕጸጽና የወሩን ቀን ይደምራል፤ ከ30 ሲበልጥ 30ውን ይገድፋል፤ የቀረው ሠርቀ ሌሊት ይባላል። ምሳሌ እንስጥ። የ2017 ዓ.ም. አበቅቴ 1 ነበር፤ የሚያዝያ ሕጸጽ 4 ነው፤ ስለዚህ ድምሩ 14 የሚሆነው ሚያዝያ 9 ቀን ነው። በሰማይ የታየችው ጨረቃ ግን በዚያ ዓመት የሞላችው ለሚያዝያ 5 አጥቢያ ነበር። የአራት ቀን ልዩነት አለ ማለት ነው። ቀመሩ ከተሠራበት ዘመን ጀምሮ በ300 ዓመት አንድ ቀን ያህል እየተጠራቀመ የመጣ ልዩነት ነው። ይህን የምንጠቅሰው ቀመሩን ለመንቀፍ አይደለም፤ ቀመሩ የተሠራው በዓላትና አጽዋማት በአንድ ሥርዓት እንዲከበሩ ነው፤ ያንንም አሁን ድረስ ይፈጽማል። የምንለው ሌላ ነው። የሚቆጠረውን ጨረቃ የሚያውቁ ሊቃውንት እያሉ፣ የሚታየውን ጨረቃ የሚያነሡ ወጣቶች ተነሥተዋል፤ ሁለቱ ግን በአንድ ጠረጴዛ አልተቀመጡም። ቀኑና ሰዓቱ የተጻፈበት የአንድ ዓመት የጨረቃ ፎቶግራፍ ቢኖር ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማስተማር ይቻል ነበር። ቀን የሌለው ሥዕል ግን ምንም ያህል ቢያምር ለዚህ አይጠቅምም።

መንቀፍ ብቻ እንዳይሆንብን ጥሩ ሥራ ምን እንደሚመስል እንናገር። ሐምሌ 20 ቀን 2010 ዓ.ም. 1 ሰዓት ከ43 ደቂቃ የቆየ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ሆኖ ነበር፤ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ጨረቃ በምድር ጥላ ውስጥ ገብታ ቀልታ ታይታለች። ሁለቱም በክረምት የሆኑ ስለነበሩ ሰማዩ የተገለጠለት ዕድለኛ ነው። እነዚህን የመሰሉ ሌሊቶች ሙሉ ጨረቃና ከዋክብትን በአንድ ሥዕል ለማግኘት የተመቹ ናቸው። በሌላው ጊዜ ጨረቃ እንደ ቀን ፀሐይ የምታበራ ስለሆነች፣ እሷን በልኳ የሚያወጣ ካሜራ ከዋክብቱን አያገኛቸውም፤ ከዋክብቱን የሚያወጣም እሷን ወደ ነጭ ነበልባል ይለውጣታል። ግርዶሹ ሲያደበዝዛት ግን ከዋክብቱ በዙሪያዋ ብቅ ይላሉ። ስለዚህ በግርዶሽ ፎቶግራፍ ውስጥ ከቀይዋ ጨረቃ አጠገብ ያሉት ጥቃቅን ነጥቦች ጉድለት አይደሉም፤ የአንሺው የእውነተኛነት ማኅተም ናቸው። በብዙዎቹ ሥዕሎች ላይ እነዚህ ነጥቦች እንደ ቆሻሻ ተቆጥረው ተጠርገው ማየታችን አሳዝኖናል።

ፕላኔቶችን በሚመለከት የሚባለው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም በእጅ ስልክ ሲነሡ ከነጥብነት አያልፉም። ቢሆንም ሊቃውንቱ መሽተሪ የሚሉትን ጁፒተርን በመጠነኛ መነጽር ያነሣ ሰው አራቱን ታላላቅ ጨረቃዎቹን በአንድ መሥመር ተደርድረው ሊያገኛቸው ይችላል፤ የዙሐል ማለት የሳተርን ቀለበት ግን ቴሌስኮፕ ይሻል። ለዚህ ሥራ የጎጃም ደጋ የታደለ ነው። ፕላኔቶች በሰማያችን መካከል ሲያልፉ ከአድማስ በላይ ከ50 ዲግሪ በታች አይወርዱም፤ በለንደን አንዳንዴ 15 ዲግሪ ላይ ያልፋሉ። ከፍ ብሎ የሚያልፍ ኮከብ የሚታየው በጥቂት አየር ውስጥ ስለሆነ ሥዕሉ አይርገበገብም። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በእንጦጦ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው መስታወቶችን የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች መተከላቸው አገራችንን የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን የአዲስ አበባ መብራት ከሥራቸው ነው። መብራት ያልደረሰበት ገጠር እንደ ድህነት ምልክት ብቻ ይታይ የነበረው ጨለማው ለፎቶግራፍ አንሺ ሀብት ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ሌሊት ከከተማ ወጥቶ በተራራ ላይ ካሜራ መትከል ለብዙ ሰው የማይሞከር ነገር ሆኖ ቆይቷል። ይህን ሳይቆጥር የሚወቅስ ሐያሲ ፍርዱ ልክ አይሆንም። ነገር ግን የሰማይ ፎቶግራፍ የግድ ጮቄ መውጣትን አይጠይቅም። መጽሐፈ ሄኖክ ፀሐይና ጨረቃ ስለሚወጡባቸው ስድስት የምሥራቅ በሮችና ስለሚገቡባቸው ስድስት የምዕራብ በሮች ይናገራል፤ ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የተገኘውም በግእዝ ነው። እነዚያን በሮች ለማየት አንድ ደጃፍ ይበቃል። አንድ አስተማሪ ከቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ካሜራውን ከአንድ ድንጋይ ሳያነሣ፣ ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ምሽት ሁሉ ከፊት ለፊቱ ያለውን ጉብታ ቢያነሣ፣ በዓመቱ ውስጥ ጨረቃዋ በጉብታው ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከደቡብም ወደ ሰሜን ስትመላለስ ያገኛታል፤ በታኅሣሥ በሰሜኑ ጫፍ፣ በሰኔ ደመናው ከፈቀደ በደቡቡ ጫፍ ትወጣለች። ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ቢታዩ ማንንም የሚያስደንቁ አይሆኑም። በተርታ ሲሰቀሉ ግን ተማሪው የሄኖክን በሮች በመንደሩ ጉብታ ላይ ይቆጥራቸዋል።

አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት መጀመሪያ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው የደቡብ መስቀል የሚባሉትን ከዋክብት ከአድማስ በላይ ሁለት ጭብጥ ያህል ከፍ ብለው ቆመው ያያቸዋል፤ በዚያው ሰዓት ፊቱን ቢመልስ የሰሜን ኮከብ በአንድ ጭብጥ ከፍታ ላይ ነው። የለንደን ሰው ሁለተኛውን እንጂ የመጀመሪያውን አያይም፤ የኬፕ ታውን ሰው የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አያይም። በአንድ ሌሊት፣ ከአንድ ስፍራ፣ አንዱ ወደ ሰሜን አንዱ ወደ ደቡብ የተነሡ፣ ቀንና ሰዓት የተጻፈባቸው ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ተሰቅለው እስካሁን በየትኛውም ግድግዳ ላይ አላየንም።